ምግቧን ገና አትቀይሪባት

«ሰላም ለዓምዱ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ቻይናዊ ነው፤ የተወለደው ጓንግዶንግ በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ታይሻን በምትባል ከተማ ነው። እህቱ ዓምና አረፈች። የ3 ዓመት ልጇን እስካሁን የያዟት አማቴ ናቸው። አሁን እኛ በማደጎ ልናሳድጋት ወረቀቱ አልቋል፤ በቅርቡ እንሄዳለን። ባለቤቴ የእህቱን ጉዳይ ለመጨረስ ታይሻን ይመላለሳል፤ እኔና ልጅቷ ቪዛዋ እስኪወጣ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጓንግዡ ሆቴል ውስጥ እንቆያለን። ቻይንኛ አልችልም። ጉዞው የገባው ሁዳዴ ላይ ነው። በዚያ ላይ አሳማ አልበላም፣ እዚያ ደግሞ አሳማ የሌለበት ምግብ የለም ይሉኛል። ምን አበላታለሁ? እኔስ ምን እበላለሁ? ምን ልግዛላት፣ ምንስ ይዤ ልመለስ? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለባልሽና ለአማትሽ መጽናናትን ይስጥልኝ። ለአንቺም እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የጠየቅሽው ስለ ምግብና ስለ ግዢ ነው፣ እኔም የምመልስልሽ ስለዚያው ነው። ምክንያቱም የ3 ዓመት ልጅ እናትነትሽን በወረቀት አታውቀውም። የምታውቀው በእጅሽ ነው፤ ማን አበላኝ፣ ማን ውሃ ሰጠኝ፣ ማን አዘለኝ ብላ ነው።

ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ። ቻይና ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በማደጎ መስጠት የጀመረችው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2024 ስታቆመው ክፍት የቀረው የቅርብ የሥጋ ዘመድ ልጅና የእንጀራ ልጅ ብቻ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። እናንተ በዚያች ጠባብ በር ነው የምትገቡት። ከዚያ በፊት ግን ከ82,000 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ አብዛኞቹ ወላጆችም ልክ እንደ አንቺ ጓንግዡ ሆቴል ውስጥ ቪዛ ሲጠብቁ፣ ከማያውቃቸው ልጅ ጋር ምሳ ሲፈልጉ ከርመዋል። ከታች ከምነግርሽ ብዙው የእነሱ ልምድ ነው።

ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ምግቧን አትቀይሪባት። ቢያንስ ቻይና እስካላችሁ ድረስ፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ለብዙ ሳምንታት። እናቷን አጥታለች፣ አሁን ደግሞ አያቷን፣ አልጋዋን፣ ሰፈሯን፣ የለመደችውን ቋንቋ ልታጣ ነው። ከዚህ ሁሉ መሀል ሳይነካ ሊቀርላት የሚችለው ምግቧ ነው፤ እሱን ለማቆየት ደግሞ አቅሙ አለሽ።

ስለዚህ አማትሽ ቤት ስትደርሺ ሻንጣ ከመፍታትሽ በፊት ኩሽና ግቢ። ጠዋት ምን ትበላለች? በስንት ሰዓት? ሩዙ ምን ያህል ይለሰልሳል? ወተት በጡጦ ነው ወይስ በኩባያ? ባልሽ እያስተረጎመ ሁሉንም ጻፊው። ጓንግዶንግ ውስጥ ለትንሽ ልጅ የሚዘወተረው ጆክ የሚሉት የሩዝ ምግብ ነው፤ ሩዙ በብዙ ውሃ ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ወፈር ያለ አጥሚት መስሎ የሚወጣ። አንዳንዴ ባዶውን፣ አንዳንዴ ዓሣ ወይም የተከተፈ አሳማ ገብቶበት። ሌላው በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል ነው፦ እንቁላሉ በውሃ ተመትቶ፣ እንደ እርጎ ለስልሶ ይረጋል፣ ከላይ ትንሽ ሶያ ሶስ ጠብ ይልበታል። ይህን አማትሽ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁመሽ እይ፣ በስልክሽም ቅረጪው። ሜሪላንድ ገብተሽ ስትሠሪው የእጃቸውን አመል ትፈልጊዋለሽ።

ደግሞ አንድ ነገር አደራ። በመጀመሪያው ቀን ማንኪያውን ከአማትሽ እጅ አትንጠቂ። እሳቸው ያብሏት፣ አንቺ አጠገቧ ተቀመጪና ከዚያው ማዕድ ብዪ። ቀጥሎ ማንኪያውን እሳቸው ሞልተው ለአንቺ ያቀብሉሽ፣ አንቺ አጉርሻት። ልጅቷ አያቷ ሲፈቅዱ ማየቷ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ጉርሻ ስንሰጥ «በሞቴ» እያልን እናስጨንቃለን፤ ለእሷ ግን እንዲህ አታድርጊ። ማንኪያውን ከአፏ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢው፣ ራሷ አፏን ከፍታ እስክትመጣ ጠብቂ። ካልመጣች መልሺውና ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪ። ሆቴል ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ የሚያበላት ሰው አንቺና ባልሽ ብቻ ሁኑ። አስተናጋጇ ከረሜላ ልስጣት ስትል እንኳ ተቀብለሽ በአንቺ እጅ ስጫት።

አንዳንድ ልጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምግብ እምቢ ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳያላምጥ ይውጣል፣ ሌላው ዳቦ በእጁ ጨብጦ ይተኛል። ሦስቱም የተለመደ ነው። ዳቦውን ከእጇ አትቀሚ። የሆቴሉን የቁርስ ቡፌ ግን ተጠንቀቂው፤ ያን ሁሉ ምግብ አይታ ትደነግጣለች ወይም እስኪያማት ትበላለች። አንቺ ሄደሽ ሁለት ሦስት የምታውቀውን ነገር በትንሽ ሳህን አምጪላት። ጆክ ጓንግዡ ሆቴሎች ውስጥ ጠዋት አይጠፋም። ውሃም ወተትም እምቢ ብላ ሽንቷ ከቀነሰ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፣ ያ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አሳማው። እውነቴን ልንገርሽ፣ ልጅቷ ትብላ። እስከ ዛሬ የበላችው እሱን ነው፤ አያቷ በፍቅር ከትፈው ያበሏት። በዚህ ሳምንት ሳህኗ ላይ ያለውን ነገር ፊትሽን አጨፍግገሽ ብታነሺባት የሚገባት አሳማው መጥፎ መሆኑ ሳይሆን አያቷ የሰጧት ነገር መጥፎ መሆኑ ነው። እጅሽ አልደፍር ካለ፣ እሱንም አከብርልሻለሁ፣ አሳማ ያለበትን ባልሽ ያብላት፤ እሱ በሌለበት ቀን ጆኩን በዓሣ ወይም በዶሮ እዘዢላት። ቤታችሁ ወደፊት አሳማ ይገባል አይገባም የሚለውን ደግሞ ከባልሽ ጋር አሁን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩበት። አማትሽ ማዕድ ላይ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። ጾሙም እሷን አይመለከታትም፤ እኛም ዘንድ ቢሆን የ3 ዓመት ልጅ ጹሚ አትባልም።

ለራስሽ ጾም ከመንገድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። መንገደኛ ነሽ፣ ልጅ ይዘሻል፣ እሳቸው የሚሉሽን ስሚ። እጾማለሁ ካልሽም ጓንግዡ ለጾመኛ ክፉ ከተማ አይደለችም። የቡድሂስት ምግብ ቤቶች አሉ፣ ሥጋ ጭራሽ አይገባባቸውም፤ ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ ጎመን፣ ኑድል ታገኛለሽ። ትልልቆቹ የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች አካባቢ ፈልጊ። ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ግን ጎመን ብቻ ብለሽ ያዘዝሽው በአሳማ ስብ ተጠብሶ ወይም የተፈጨ ሥጋ ተነስንሶበት ሊመጣ ይችላል፣ ለእነሱ እሱ እንደ ቅመም ነው። ስለዚህ ባልሽ አንድ ወረቀት በቻይንኛ ይጻፍልሽ፦ አሳማ አልበላም፣ የአሳማ ስብ አልበላም፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ይሁን። ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ ያዢው። በአፍሽ «ዎ ቡ ቺ ጁ ሮው» ማለትንም ተለማመጂ፣ አሳማ አልበላም ማለት ነው።

የሙስሊም ምግብ ቤቶችም በየሰፈሩ አሉ። በእጅ እየተሳበ የሚሠራው የላንዡ ኑድል ቤት በቀላሉ ይገኛል፣ አሳማ እዚያ ቤት ድርሽ አይልም። ሥጋው ግን የሙስሊም እርድ ነው፣ መረቁም የበሬ ነው፤ እሱን እንደ ልማድሽ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለልጅቷ ግን ለስላሳ ኑድል በመረቅ ጥሩ ምሳ ነው። ሺያኦቤይ በሚባለው የጓንግዡ ሰፈር ደግሞ የአፍሪካ ነጋዴዎች ስለሚበዙ የእኛንም ሰው ታገኚያለሽ። አማርኛ ስትናፍቂ ሄደሽ ቡና መጠጣት ትችያለሽ፣ ልጅቷ ትንሽ ከለመደችሽ በኋላ ግን።

ጓንግዡ ስትበሉ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ጠዋት ሻይ የሚሉት ልማድ ነው፤ ቤተሰብ ሙሉ ክብ ጠረጴዛ ከቦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ በትንንሽ የቀርከሃ ቅርጫት የሚመጣ ምግብ እየተካፈለ ረጅም ሰዓት የሚቀመጥበት። ከመብላታቸው በፊት ኩባያውንና ሳህኑን በትኩስ ሻይ ያለቀልቁታል፣ አንቺም አድርጊው። ለልጅቷ ሃ ጋው የሚሉትን በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ ወይም የሩዝ ሊጥ ጥቅልሉን ቾንግ ፈንን ቆራርጠሽ ስጫት። ለሽሪምፕ አለርጂ እንደሌለባት አስቀድመሽ አማትሽን ጠይቂ። ጫጫታው በጣም ይበዛል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አትሂዱ፤ በኋላ፣ ባልሽ ባለበት ቀን፣ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ይዛችሁ ቢሆን ይሻላል።

ውሃ ደግሞ። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፣ እነሱ ራሳቸው አፍልተው ነው የሚጠጡት፣ ልጆችም የለመዱት ለብ ያለ ውሃ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ውሃ ብትሰጫት ትተፋዋለች። አማትሽም ካዩሽ ይደነግጣሉ። ትንሽ ፔርሙዝ ግዢና ሁሌ ያዢ፤ ባቡር ጣቢያ፣ ባቡር ውስጥ፣ አየር ማረፊያ የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ አለ።

ጉዞአችሁ ከቺንግሚንግ ጋር ሊገጥም ይችላል፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 4 ወይም 5 ላይ የሚውል፣ መቃብር ተጠርጎ ሙታን የሚታሰቡበት ቀን ነው። ከገጠመ አማትሽ የልጃቸው መቃብር መሄዳቸው አይቀርም። ጓንግዶንግ ውስጥ ደግሞ በዚያ ቀን ሙሉ ጥብስ አሳማ ይዞ መሄድና እዚያው ተቆራርጦ መካፈል የቆየ ልማድ ነው። እህቴ፣ ሂጂ። ሳህኑን በሁለት እጅሽ ተቀበዪ፣ አመስግኚ፣ ለባልሽ አሳልፊው። ብርቱካን ይዘሽ ሂጂና ላጥ አድርገሽ ለልጅቷ ስጫት። ማንም አልበላችም ብሎ አይቀየምሽም፤ ብትቀሪ ግን ይከፋቸዋል።

ወደ ግዢው ልምጣ። ከመነሳትሽ በፊት አሊፔይንና ዊቻትን ስልክሽ ላይ ጭነሽ በፓስፖርትሽ አስመዝግቢ፣ የአሜሪካ ባንክ ካርድሽንም አያይዢ። ከሱቅ እስከ ጎመን ሻጭ ሁሉም በስልክ ነው የሚቀበለው። በውጭ ካርድ ከ200 ዩዋን በታች ስትከፍዪ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ ካለፈ 3 በመቶ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ትልቅ ሒሳብ በባልሽ የቻይና ሒሳብ ይከፈል። ጉግልና ዋትስአፕ እዚያ ታግደዋል፤ መተርጎሚያውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገሽ አውርጂው።

ልብስ ከአሜሪካ ሻንጣ ሞልተሽ አትሂጂ። ልኳን አታውቂውም። የቻይና የልጆች ልብስ ቁጥር የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ነው፤ 95 ሴንቲ ከሆነች 100 ቁጥር ግዢላት፣ እንዲበረክት ከፈለግሽ 110። የውስጥ ሱሪና ካልሲ በርከት አድርገሽ ያዢ፤ በጸደይ መጀመሪያ ጓንግዡ እርጥበቱ እስከዚህ ነው፣ ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል፣ የታጠበ ልብስ ቀናት ሙሉ አይደርቅም። ጃኬትም ደርቢላት። ልጅ ስስ ለብሶ ካዩ መንገድ ላይ የማያውቁሽ አሮጊቶች ቆመው ይቆጡሻል፣ እየዳሰሱ እጇ ቀዝቅዟል ይሉሻል። አትናደጂ፣ የእኛም እናቶች ያደርጉታል። ፈገግ ብለሽ የጃኬቷን ቁልፍ ቆልፊ።

ያዩሻል፣ እሱንም ላልሸሽግሽ። ጥቁር ሴት የቻይና ልጅ ይዛ ስትሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ አንዳንዱ ይጠይቃል። ፓስፖርትሽንና የማደጎውን ወረቀት ቅጂ ከቦርሳሽ አትለዪ፤ ባልሽ ማን እንደሆንሽና ልጅቷ የማን እንደሆነች በሁለት መስመር በቻይንኛ ጽፎ ስልክ ቁጥሩን ያስቀምጥበት። ያን ካሳየሽ በኋላ ለማንም ሌላ ማብራሪያ አትስጪ፤ ልጅቷ ትሰማለች። ሰው በበዛበት ቦታ በእግሯ አታስኪጃት፣ እዘያት። ካንቶኖችም፣ የጓንግዶንግ ሰዎች ማለቴ ነው፣ እንደ እኛ ልጅ ያዝላሉ፤ ሜይ ዳይ የሚሉት አራት ረጃጅም ማሰሪያ ያለው ጨርቅ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ አበባ የተጠለፈበት። አማትሽ ያዘሏት በእሱ ከሆነ ለምኛቸውና ውሰጂው። እሱን ሱቅ ውስጥ ማንም ሊሸጥልሽ አይችልም፣ የእሳቸው ጠረን አለበት። እስክትረጋጋ ድረስም አትጠቢው።

ከአማትሽ ቤት ሌላ የምትወስጃቸው ነገሮች፦ የምትበላበት ሳህንና ማንኪያ፣ የምትተኛበት ብርድ ልብስ፣ የእናቷ ፎቶዎች፣ አማትሽ ሲያስተኟት የሚዘፍኑላት ዘፈን በድምፅ ተቀድቶ። ከገበያ ደግሞ ሻንግሺያጂዩ ወይም ቤይጂንግ ጎዳና ሂጂ፣ ሁለቱም መኪና የማይገባባቸው የእግረኛ መንገዶች ናቸው። ስሟ የተቀረጸበት የድንጋይ ማኅተም አሠሪላት፤ ጠራቢው በቻይንኛ ፊደል ስሟን ሲቀርጽ ቁማ ትይ። የቻይንኛ የሥዕል መጻሕፍት ግዢ፣ ብዙ። ለዘመን መለወጫቸው የሚለበሰውን ቀሚስ በሁለት ከፍ ከፍ ባሉ ቁጥሮች ያዢላት፣ በኋላ ሜሪላንድ ላይ በልኳ ስትፈልጊ ትደክሚያለሽ።

የአሻንጉሊት ጅምላ ገበያ አትውሰጃት። ጓንግዡ ፎቅ ሙሉ አሻንጉሊት የሚሸጥባቸው ሕንፃዎች አሏት፣ ግን እዚያ ለ3 ዓመት ልጅ ደስታ የለም፣ ድንጋጤ ነው። በሰፈር ሱፐርማርኬት ዘንቢሉን አብራችሁ ያዙ፤ ሙዝ ወይስ ብርቱካን ብለሽ ሁለቱን አሳያት፣ የጠቆመችውን ግዢ። በየቀኑ፣ አንድ ሱቅ፣ ተመሳሳይ ሰዓት። ለቪዛው የጤና ምርመራ ደም የምትሰጥበት ቀን ግን የትም አትውጡ፣ ሆቴል ገብታችሁ ተኙ።

ሱፐርማርኬቱ ውስጥ በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ የሚሸጥ ጄሊ አለ፣ ባንድ ጉርሻ የሚዋጥ። በጭራሽ አትስጫት። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ በተለያዩ አገሮች ልጆች ገድሏል። ጠንካራና የሚያጣብቅ ከረሜላም ለጊዜው ይቅር።

ጓንግዡ መሄድሽን የሰማ ዘመድ ሁሉ ደግሞ ይደውልልሻል። ጫማ፣ ስልክ፣ መጋረጃ፣ ለሱቁ የሚሆን ናሙና። የከተማዋ ስም በእኛ ሰው ዘንድ ገበያ ነውና አይፈረድባቸውም። አንዱንም አትቀበዪ። «ልጅ ልቀበል ነው የምሄደው» በዪ፣ ያልገባው ይቀየም።

የሩዝ ማብሰያም ከዚያ አትግዢ፤ የቻይናው በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፣ አሜሪካ አይሆንሽም። ሜሪላንድ ካሉት የእስያ ሱቆች አሁን ገዝተሽ ጆክ መሥራት ተለማመጂ። አማትሽ የደረቀ የአሳማ ቋሊማ ሊያሸክሙሽ ይፈልጋሉ፣ ባልሽ በትሕትና ያስረዳቸው፤ ከቻይና የአሳማ ሥጋ ይዞ አሜሪካ መግባት ክልክል ነው፣ ሥጋ ያለበት ፈጣን ኑድልም እንዲሁ። ሌላውን ምግብ፣ ብስኩትም ቢሆን፣ መግቢያው ላይ አስመዝግቢው። ማስመዝገብ አያስቀጣም፣ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

አንድ ሥራ ግን ከመሄድሽ በፊት የምትጨርሽው አለ። ሁዳዴ ሲፈታ ፋሲካ ነው፣ ልጅቷም በዚያው ሰሞን ቤትሽ ትገባለች። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ድፎ ተጋግሮ፣ ዶሮ ተሠርቶ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ልጅቷ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስትዞር፣ ሁሉም ሲያጎርሳት። በፍቅር ነው። ግን በዚያ ሳምንት አይሆንም። ለእናትሽ፣ ለእህቶችሽ፣ ለማኅበር ጓደኞችሽ አሁኑኑ ደውዪላቸው። መምጫቸውን አንቺ እንደምትነግሪያቸው፣ እስከዚያ ምግብ ሠርተው በር ላይ ቢያስቀምጡልሽ ትልቅ ውለታ እንደሆነ ንገሪያቸው። ለአንቺና ለባልሽ የሚበላ ይሥሩ። የእሷን አንቺ ትሠሪያለሽ።